ደረጃ ሦስት ወቃሽ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መንግሥትን ስወቅስ ኖሬ አንድ ቀን ክፉ አልነካኝም። ደመወዜ አንድ ቀን አልዘገየም፤ የዓመት ፈቃድ አለኝ፤ ለበዓል በግ ይሰጡናል። ጡረታ ልወጣ ሦስት ዓመት ሲቀረኝ ነው ይሄ ጉድ የመጣው።

ስሜ ሶልያና ነው። የአሮጊት ስም መሆኑን አውቃለሁ፤ የዛሬ ልጆች ሲሰሙት ይስቃሉ። በእኛ ጊዜ ሰው ሁሉ ሶልያና፣ ያፌት፣ ናትናኤል ነበር የሚባለው። አሁን ደግሞ ጎበዜና ብርቄ ተመልሰው መጥተው እኛን አስረጁን። ለማንኛውም በወይራ ውሃ ከተማ ደረጃ ሦስት ወቃሽ ነኝ። ነበርኩ ብል ይሻላል።

ሥራውን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ድሮ፣ እናቴ ልጅ ሳለች ነው አሉ፣ የተማሩ ሰዎች የዓለምን ሀገሮች በሰልፍ አቁመው አንድ ነገር አዩ። ጋዜጠኛው እንደ ልቡ የሚጽፍባቸው ሀገሮች ባብዛኛው ሀብታሞች ናቸው፤ አፋቸው የተለጎመው ባብዛኛው ደሃ። የእኛዎቹ ትልልቅ ሰዎች ይህንን ሰምተው አንድ ክረምት ሙሉ ስብሰባ ተቀመጡ። ሲወጡ፣ ነፃነት ሀብት የሚያመጣ ከሆነ ነፃነትን በብዛት እናመርታለን አሉ። ጭቃ ባለበት ዝናብ አለ ብሎ ጓሮው ውስጥ በባልዲ ጭቃ የሚያቦካ ሰው አይታችሁ እንደሆነ፣ ነገሩ እንደዚያ ነው። ለየከተማው የወቀሳ ኮታ ወረደ። የወይራ ውሃ ድርሻ በቀን አርባ ወቀሳ ሲሆን ወቃሾቹ ስድስት ነን።

በየዓመቱ መስከረም ላይ የዓለም ሠንጠረዥ ይወጣል። ያን ቀን ሥራ የለም፤ ሁላችንም አዳራሽ ገብተን ስንተኛ እንደሆንን እንሰማለን። አምና ሁለት ጎረቤቶቻችንን አልፈን ጭፈራ ነበር። ዘንድሮ አንደኛዋ መልሳ በለጠችን፤ ወቃሽ ከውጭ ሀገር አስመጥታ ነው ብለው አሟት። አንድ ደግሞ ጋዜጣ የሚባል ነገር የሌላት፣ ነገር ግን በሀብት የተንበሸበሸች ሀገር አለች። የእሷ ነገር በየዓመቱ ሴሚናር ላይ ይነሳል፤ ሁልጊዜም ልክ ሲነሳ ለሻይ እንወጣለን። የእኛስ ሀብት የታል ብሎ የጠየቀ እንደሆነ መንገድ ላይ ነው ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመት መንገድ ላይ የዋለ ሀብት በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?

ያልተወቀሰ መሥሪያ ቤት ነጥብ ስለሚቀነስበት ኃላፊዎቹ ይለምኑኛል። እንደው እትዬ ሶልያና፣ ለዚህ ሳምንት አንድ ጠንከር ያለች ወርውሪልን ይሉኛል። ጤና ጣቢያው አንድ ጊዜ ሠራተኞቹ ምሳ እንኳን ሳይበሉ ሕዝብ እንደሚያገለግሉ አድርጌ እንድወቅሰው ጠየቀኝ። ወቀስኩት። ግድየለሹ አስተዳደር የሠራተኞቹን ሆድ ረስቷል ብዬ ልክ ልኩን ነገርኩት፤ በሳምንቱ ተሸለሙ። ዳቦ ቤቱን ወቅሻለሁ፣ መናፈሻውን ወቅሻለሁ፣ የቀብር ቦታውን ሳይቀር ወቅሻለሁ። አንዲት ቃሌን የነካብኝ ግን የለም። ፈጣሪ ምስክሬ ነው፣ ነጠላ ሰረዝ እንኳን አንስተውብኝ አያውቁም።

ያልተነበበ ወቀሳ አይቆጠርም። ስለዚህ የአውቶቡስ በር አንድ ወቀሳ ካላነበባችሁ አይከፈትም። ጽሑፉ በሩ ላይ ይመጣል፤ ዓይናችሁ ከላይ እስከ ታች ሲወርድ በሩ ያያል፤ ይከፈታል። ዳቦ ቤት ሁለት ነው የሚያስነብበው፣ ባንክ ሦስት። ሰው ለምዶታል። ጎረቤቴ እያነበበች በስልክ ልጇን መቆጣት ትችላለች፤ ስትጨርስ ምን ተጻፈ ብትሏት የማታውቀውን ሰው ስም የጠየቃችኋት ያህል ግራ ይገባታል።

ጠዋት ወቀሳ፣ ከሰዓት ደግሞ እርቅ አለ። ይሄ የእኛው ፈጠራ ነው፤ ሌላ ሀገር የለም። ሠንጠረዡ ለሰላምም ነጥብ ስላለው፣ የወጣ ወቀሳ ሁሉ በዚያው ቀን በሽማግሌ እንዲበርድ ተደረገ። ለእያንዳንዱ ወቃሽ ሁለት ሽማግሌ ተመድቦለታል። የተወቀሰው ክፍል ሁሉ ከየቢሮው እንዳይንከራተት ደግሞ ከተማው አንድ ተወቃሽ ቀጥሯል፤ ስለ ሁሉም መሥሪያ ቤት እሱ ይወቀሳል። ይሄው ተወቃሽ ወቀሳ ተቀብሎ የሚያሳትመውም ነው፤ ሁለት ሰው ለመቅጠር በጀት የለም። አቶ ጎበዜ ይባላል፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ እርጉዝ ናት፤ ጨዋ ልጅ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ከሽማግሌዎቹ ጋር ደጄ ይመጣና ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ያጎነብሳል። ድንጋዩ የፕላስቲክ ነው። የቀድሞው ተወቃሽ ወገቡን ታሞ ከጡረታው በፊት ስለወጣ፣ የእርቅ ጽሕፈት ቤቱ ቀለል ያለ አስመጣ።

ሽማግሌዎቹ ግቡ ቢባሉ አይገቡም፤ ተቀመጡ ቢባሉ አይቀመጡም። ካልታረቁ አንቀመጥም ነው ወጉ። ለእኛ ሲሉ ይታረቁ ይላሉ። እናንተንማ አላሳፍርም እላለሁ። የቀኑን ሰባቱንም ወቀሳ አንድ ላይ እምራለሁ፤ ይቀመጣሉ፤ ውሃ ይጠጣሉ፤ ፈርሜ ይሄዳሉ። ሽማግሌ እምቢ ተብሎ አያውቅም። ቅጹ ላይ ራሱ እምቢ ለሚል ሰው የተተወ ቦታ የለም።

አንደኛው ሽማግሌ ጋሼ ናትናኤል ናቸው፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው አይታጠፍላቸውም። ሌላኛው ያፌት ነው፤ ባሌ። ባል ለሚስቱ ሽማግሌ አይሆንም የሚል ደንብ ነበረ፤ ሰው ሲጠፋ ቀረ። ደጅ ላይ ሲቆም ወይዘሮ ሶልያና እያለ አንቱ ይለኛል። ማታ እራት ላይ ሶልዬ፣ ወጡ ጨው የለውም ይላል። የምጽፈውን አንብቦ አያውቅም፤ ከሰዓት ስለምንታረቅበት ምን ያደርግልኛል ይላል።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ወይራ ውሃ በገደል ለሁለት የተከፈለች ከተማ ናት። መኖሪያው ወዲህ ነው፣ ሥራው፣ ትምህርት ቤቱና ገበያው ወዲያ። አውቶቡስ አፋፉ ላይ ያራግፈናል፤ ከዚያ በእግራችን በገመድ ድልድይ እንሻገራለን። ድልድዩ እያንዳንዱን ሰው በስሙ እንኳን ደህና መጡ ይላል። በድልድዩ አልሻገርም ያለ ሰው ገደሉን በአሮጌው መንገድ ሁለት ሰዓት ወርዶ ይወጣል። ያፌት የሚሠራበት የእርቅ ጽሕፈት ቤት ወዲያ ማዶ ስለሆነ በቀን አራት ጊዜ ይሻገራል።

እሑድ ከሰዓት፣ ያፌት እድር ስብሰባ በሄደበት፣ አንዲት ልጅ መጣች። እጇ ጥቁር በጥቁር ቅባት ነው። ብርቄ እባላለሁ፣ የድልድዩ ጥገና ሠራተኛ ነኝ አለች። ገመዱ ኮንክሪቱ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ወርጄ አየሁት አለችኝ። ገመዱ ከአሥራ ዘጠኝ ሽቦ የተገመደ ነው፤ ስምንቱ ተበጥሷል። አምና ለበዓል ሲቀቡት ብጥሱን አብረው ቀብተውታል። ለክፍሏ ብታመለክት፣ ያቀረቡት ወቀሳ ስለሆነ ፈቃድ ባለው ወቃሽ በኩል ያቅርቡ የሚል መልስ መጣላት። አለቃዋ ደግሞ፣ ጥሩ ወቀሳ ይወጣዋል፣ ለወቃሾቹ ስጪያቸው ብሏታል። ስለዚህ እኔ ዘንድ መጣች።

እውነቱን ልናገር፤ የምወቅሰውን ነገር በዓይኔ ካየሁ ስንት ዘመኔ። ሰባት ወቀሳ ቤቴ ቁጭ ብዬ እስከ አራት ሰዓት እጨርሳለሁ፤ ምን ሊያወጣኝ? የዚያን ቀን ግን ልጅቷ ደጄ ላይ ቆማ አልሄድም አለች። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ቀሚሴን ወገቤ ላይ አስሬ፣ በገመድ ተንጠልጥዬ አፋፉ ሥር ወረድኩ። ጣቴን ሽቦው መካከል ከተትኩት። ልክ በዚያ ሰዓት ከላያችን ሚዜዎች ሙሽራ አጅበው እየዘፈኑ ይሻገሩ ነበር። ጧ አለ። ዘጠነኛው ዓይኔ እያየ ተበጠሰ። ሚዜዎቹ አልሰሙም፤ ዘፈናቸውን ቀጠሉ። እኔ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

ቤቴ ገብቼ አራት መስመር ለመጻፍ እስኪመሽ ፈጀብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የተለማመድኩት ቃል ሁሉ፣ ግድየለሹ፣ ማን አለብኝ ባዩ፣ የሕዝብ እንባ፣ አንዱም አልሆነኝም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "የድልድዩ ገመድ በወዲህኛው ማሰሪያ በኩል እየተበጠሰ ነው። ከአሥራ ዘጠኙ ሽቦ ዘጠኙ ተበጥሷል። ትናንት እሑድ በዓይኔ አይቻለሁ። እስኪጠገን ማንም እንዳይሻገር።"

ላኩት። ይሄኔ ይከለክሉኛል፣ ይሄኔ ይጠሩኛል እያልኩ ስጠብቅ ጎበዜ ደወለ። ድምፁ ደስ ብሎታል። እንዲህ ያለች ወቀሳ አይቶ እንደማያውቅ፣ ለዓለም ሠንጠረዥ ናሙና ሆና እንድትላክ እንደሚጠይቅ ነገረኝ።

"ጎበዜ፣ እውነት ነው እኮ" አልኩት።

"አዎ፣ እውነት ትመስላለች፤ ጥንካሬዋም እሱ ነው" አለኝ።

ድልድዩን ዛሬውኑ አዘጋልኝ ብዬ ስለምነው መዝጋት የሌላ ክፍል ሥራ እንደሆነ አስረዳኝ፤ እሱ ተወቃሽ ነው። እኔም ሞኝ፣ ጠዋት ሲወጣ ሰው ሁሉ ያነበዋል፣ ማን ይሻገራል ብዬ ተጽናናሁ። ለያፌትም አልነገርኩትም። ነገ ተዘግቶ ሲያየው ይገርመዋል ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አፋፉ ላይ ቆምኩ። አውቶቡሶቹ ሲመጡ በሮቹ ላይ አራቱ መስመሮቼ ይታያሉ። ሰው ያነባል፤ በሩ ይከፈታል፤ ይሳፈራል፤ እዚህ ይወርዳል፤ ድልድዩ ላይ ይወጣል። እንኳን ደህና መጡ፣ እንኳን ደህና መጡ ይላል ድልድዩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አንድ ሺህ ሰው አነበበኝ፤ ጎበዜ ቁጥሩን በየጊዜው በስልክ ይልክልኛል። አሥራ አንዱም ሺህ ተሻገረ። አንዱን ሰውዬ ክንዱን ይዤ ዛሬ ምን አነበብክ አልኩት። ስለ ድልድይ ይመስለኛል፣ አጭር መሆኑን ወድጄዋለሁ አለና ቦርሳውን አስተካክሎ ሄደ። ተማሪዎች ሲሮጡ ድልድዩ ወዲያና ወዲህ ይላል። ብርቄ የድልድዩ መግቢያ ላይ ቀይ ፌስታል አስራ አትሻገሩ እያለች ትጮህ ነበር፤ ልጆቹ የበዓል መስሏቸው ፎቶ ተነሱበት። አልቅሼ አላውቅም ማለት አልችልም፤ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ያፌት ከዘራውን ይዞ መጣ። ኮቱን ያዝኩት። ያየሁትን፣ ጣቴን የከተትኩበትን፣ ድምፁን ሳይቀር ነገርኩት። ሰው እያየን ነው ሶልዬ አለኝ። ጨዋ ነውና እስክጨርስ ሰማኝ።

"ባለፈው ሳምንት ያ ዳቦ ቤት በዱቄቱ ሕዝብ ሊጨርስ ነው ብለሽ አልጻፍሽም?" አለኝ። "ማታ ከዚያው ዳቦ ገዝተሽልኝ አልበላንም?"

ገዝቻለሁ፤ በልተናል፤ ለስላሳ ዳቦ ነበር። እጄን ቀስ ብሎ ከኮቱ ላይ አላቀቀና ሄደ። ድልድዩ እንኳን ደህና መጡ አቶ ያፌት አለው። ማዶ እስኪደርስ እርምጃውን ቆጠርኩ። ሌላው ሰው ቢያላግጥብኝ አይቆጨኝም ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ጎኔ የተኛ ሰው አላመነኝም፣ ላለማመኑ ደግሞ ምክንያት አለው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሉ የለ? ምላሴን ሃያ ሁለት ዓመት አከራይቼ ለራሴ ብፈልገው ባዶ ሆኖ አገኘሁት።

በዘጠኝ ሰዓት መጡ። ያፌትና ጋሼ ናትናኤል ከፊት፣ ጎበዜ ከኋላ። ድልድዩን ተሻግረው ነው የመጡት። ጎበዜ ድንጋዩን አንገቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰ። ቁጥሩ ስለጨመረለት ፊቱ ያበራል። ግቡ አልኩ፤ አልገቡም። ያፌት እንደ ወጉ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወይዘሮ ሶልያና፣ ጥፋት ቢኖርም ተመክሯል። ለእኛ ሲሉ ይታረቁ።"

"አልታረቅም" አልኩ።

ጎበዜ ባጎነበሰበት ቀና አለና መልሶ አጎነበሰ። ጋሼ ናትናኤል ጆሯቸው ስለሚደክም ምን አለች ብለው ጠየቁ።  ስድስቱን እምራለሁ፣ የድልድዩን ግን ገመዱ እስኪቀየር አልምርም ብዬ ደገምኩ። ጎበዜ ቅጹን ገለበጠው፤ ጀርባውንም አየው። እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት የለም እትዬ ሶልያና አለ። ያልታረቀ ወቀሳ ግጭት ይባላል፤ ግጭት ያለበት ከተማ ሠንጠረዡ ላይ ይወርዳል፤ ከተማው ከወረደ ሀገር ይወርዳል። ይሄን ሁሉ ለእኔ አያስረዳኝም፤ ሥልጠናውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

 ያፌት ሃያ ሁለት ዓመት ደጄ ላይ ቆሞ ሲለምነኝ እሺ ሳልል ቀርቼ አላውቅም። የታመምኩ ቀን እንኳን ከአልጋ ሆኜ እሺ ብያለሁ፤ እናቴ የሞተች ሰሞን እሺ ብያለሁ። እንደገና ሞከረ። ድምፁ ግን እንደ ሽማግሌ አልወጣለትም።

"ለእኛ ሲሉ" አለ።

"ለአንተ ስል ነው እምቢ ያልኩት" አልኩት።

ሽማግሌ ፊት ባልን አንተ ማለት ነውር ነው፤ አምልጦኝ ነው። ያፌት ከዘራውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። ዓይኑ ወደ አፋፉ ዞረና እዚያው ቆየ። ጋሼ ናትናኤል እንዳልታረቅኩ አሁን ገባቸው መሰል፣ በስመ አብ ብለው አማተቡ። ሦስቱም ሳይቀመጡ፣ ውሃ ሳይጠጡ ከደጄ ሄዱ። እኔም ነጠላዬን ይዤ እስከ አፋፉ ተከተልኳቸው፤ ጎበዜ ያልተፈረመ ቅጽ ይዤ አልሻገርም፣ ከላይ ልጠይቅ ብሎ እዚያው አቆማቸው።

ጎረቤቴ በአጥር በኩል ሰምታ ነበር። ሶልያና ሽማግሌ እምቢ አለች ብላ ለእህቷ ደወለች። እህቷ ማዶ ገበያ ውስጥ ናት። ይሄ ነገር የትም አልተጻፈም፤ በየትኛውም በር ላይ አልወጣም፤ ማንም እንዲያነበው አልተገደደም። አንድ ሰዓት ሳይሞላው ግን ከተማው ሁሉ ሰማው። ሴትዮዋ ሽማግሌ እምቢ ካለች የሆነ ነገር አለ ይባባላሉ። ለምን እምቢ አለች? ድልድዩ። ምን ሆነ ድልድዩ? ጠዋት ተጽፎ ነበር እኮ። ምን ተብሎ? ያኔ አንዱ ለአንዱ ከስልኩ እየፈለገ ማንበብ ጀመረ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማዶ ከሥራና ከትምህርት ቤት የወጣው ሕዝብ ድልድዩ አፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ብርቄ በአሮጌው መንገድ ዞራ እዚያ ደርሳ ነበር፤ ጠዋት ስትጮህ ያልሰማት ሰው አሁን ከቧት ይጠይቃታል። ወዲህም እንደዚያው ሕዝብ ቆሟል። ገደሉን መካከል አድርገን ተያየን። የምሽት ተረኞችም፣ ልጅ ሊቀበሉ የመጡ እናቶችም፣ አንድ ሰው አልተንቀሳቀሰም።

የጎበዜ የጆሮ ማዳመጫ ጮኸ። ከላይ ነው፤ የሚሉትን ቃል በቃል እየደገመ አሰማን። ፈቃዴ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተሰርዟል። ስለዚህ ስለ ድልድዩ የሚወራው ከእንግዲህ ወቀሳ አይደለም፣ አሉባልታ ነው፤ አሉባልታ ደግሞ ስድስት ወር ያሳስራል። አሉባልታውን ለማክሸፍ ተወቃሹ ሽማግሌዎቹን ይዞ፣ ሕዝብ እያየ፣ በቀጥታ ሥርጭት ድልድዩን ይሻገር። በራሪ ካሜራ ከላያችን እንደ ንብ እየጮኸች መጣች። ጎበዜ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"እትዬ፣ እውነት ነው እንዴ?" አለኝ።

"አንተ አይደለህ ያሳተምከው? አላነበብከውም?"

"ሁሉንም አነባለሁ" አለኝ። "አርባውንም።"

ልጁ ውሸቱን አይደለም። እንዲያምነው ያዘዘው ሰው ግን የለም። እጁን ይዤ ታች ልውሰድህና እይ ልለው ስል ጆሮው እንደገና ጮኸ፤ ወደ ድልድዩ ዞረ። ሽማግሌዎቹንም ጠራ። ያፌት ከሁሉም ቀድሞ ሄደ። ስሙን ጠርቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ጎረቤቴ ጠርተሻል ትለኛለች።

ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ እንኳን ደህና መጡ አቶ ያፌት አለው። ያፌት ከዘራውን መሬት ላይ አጋደመ፤ ኮቱን ሰበሰበ፤ የድልድዩ መግቢያ ላይ ቁጭ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሳይታረቁ የማይቀመጠው ሽማግሌ በሀገር ፊት ተቀመጠ። ጋሼ ናትናኤል አዩት፤ እኔንም አዩኝ፤ ደግፉኝ አሉ። ሁለት ጎረምሶች ደገፏቸው፤ ጉልበታቸው እየተንቋቋ አጠገቡ ተቀመጡ። መግቢያው ጠባብ ነው፤ ለሁለት ሽማግሌ ልክ ነው። የተቀመጠ ሽማግሌን ተራምዶ የሚሄድ ሰው እኛ ሀገር አልተወለደም።

"ጋሼ ያፌት፣ ይነሱ እባክዎ" አለ ጎበዜ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

"ገመዱ ካልተቀየረ አልነሳም ልጄ" አለው።

"እኔ ብፈልግም አልነሳም" አሉ ጋሼ ናትናኤል፤ "ጉልበቴ አይፈቅድልኝም።"

ሰው ሳቀ፤ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ሳቁ፤ ለምን እንደሳቁ ባያውቁም። ጎበዜ ሽማግሌዎቹን አየ፤ ካሜራዋን አየ፤ ገደሉን አየ። ከጆሮው የሚጮኸውን ነገር ነቅሎ ኪሱ ከተተ። የፕላስቲክ ድንጋዩን መሬት ላይ አኖረና ተቀመጠበት። ሲጥ አለና ተጨፈለቀ። በቀጥታ ሥርጭት ነው ይሄ ሁሉ፤ የዓለም ሠንጠረዥ የሚሠሩትም አይተውታል አሉ።

እኔ ሄጄ ከያፌት አጠገብ ተቀመጥኩ።  ጠዋት ስትነግሪኝ መስማት ነበረብኝ አለ። ነበረብህ አልኩት። ዛሬ ሁለት ጊዜ ተሻገርኩበት እኮ አለኝ። እጁን ያዝኩት። ማዶ ያለው ሕዝብ ብርቄን ከፊት አድርጎ በአሮጌው መንገድ ገደሉን ሲወርድ አየነው፤ እናቶቹም ልጆቻቸውን ሊቀበሉ ከወዲህ ወረዱ።

በሦስተኛው ቀን ገመድ ቀያሪዎች መጡ። አሮጌውን ሊፈቱ ገና ሲነኩት የቀሩት ሽቦዎች እጃቸው ላይ አለቁ። ሀገራችን በሠንጠረዡ አራት ደረጃ ወረደች፤ የማንም ዳቦ ግን አላነሰም። ጎበዜን ወደ መዝገብ ቤት አዛወሩት፤ ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደች። እኔን እስካሁን አልከሰሱኝም። ሽማግሌ ሊልኩብኝ ፈልገው የሚሄድ ሽማግሌ ጠፋ የሚሉ አሉ፤ እሱ እንኳን አሉባልታ ሳይሆን አይቀርም።

ትናንት ጠዋት ጎረቤቴ መጣች። ከሳምንት ወዲህ ልጆቿ ሆዳቸውን እያመማቸው ነው። ኮረብታው ላይ ያለው የውሃ ታንከር ደህና ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያንን ታንከር አሥር ጊዜ ወቅሼዋለሁ፤ ሁለቴ አሸልሜዋለሁ። አላውቅም አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ሴትዮዋ ግን አልተገረመችም፤ ደጄ ላይ ቆማ ጠበቀች።

ያፌት ከውስጥ ሰምቷል። ፈቃድ የለሽም እኮ አለኝ። የለኝም አልኩት። ስድስት ወር ነው አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ኮረብታው ዳገት ነው፣ ለብቻሽ አትችይውም አለና ጫማውን ማሰር ጀመረ።